ከስልክ ጋር የሚገናኝ የመኪና ቴፕ

ከስልክ ጋር የሚገናኝ የመኪና ቴፕ ዳሽቦርድ ላይ ተገጥሞ የስልክን ሙዚቃ፣ ጥሪና ካርታ በመኪናው ስፒከርና ስክሪን የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ካሴት መጉረስ ከተወ ቢቆይም በኢትዮጵያ ስሙ ዛሬም «ቴፕ» ነው። ፊቱ በሁለት ልክ ይሠራል፤ ነጠላው 180 በ50 ሚሊ ሜትር፣ ደብሉ 180 በ100። ልኩ ከጀርመን ደረጃ የተወረሰ ሲሆን፣ የአንዱ ኩባንያ ቴፕ ወጥቶ የሌላው በዚያው ክፍተት የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብሉቱዝ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ሙዚቃ ያስተላልፋል፣ ጥሪ ያነጋግራል፣ ዘፈን ለመቀየር የቴፑን ቁልፍ ለስልኩ ያሳውቃል። የአፕል ካርፕሌይ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ የጉግል አንድሮይድ አውቶ በ2015 ሲመጡ ግን አእምሮው ወደ ስልኩ ተዛወረ። ካርታውን የሚያሰላው ስልኩ ነው፤ ቴፑ ስክሪኑን፣ ማይኩንና ስፒከሩን ያውሳል። ገበያ ላይ «አንድሮይድ ቴፕ» የሚባለው ሌላ ነው። እሱ የራሱ ፕሮሰሰርና ሚሞሪ ያለው፣ ታብሌት እንደማለት ነው፤ አንድሮይድ አውቶ ላይኖረውም ይችላል። ገዢ አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የቴፑ ችግር እንደሚገጠምበት ተሽከርካሪ ይለያያል። ለምሳሌ መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ጣቢያና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት፣ ባጃጅና ከባድ መኪና የሚተላለፉባት ናት። የሁለቱ ጣጣ ለየቅል ነው። ባጃጁ ጎኑ ክፍት ስለሆነ የቴፑ ማይክ ከሹፌሩ ድምፅ በፊት ነፋሱንና ሞተሩን ይሰማል፤ ከእጅ ነፃ ጥሪ እዚያ ብዙም አይረባም። ከባዱ መኪና ደግሞ ሁለት ባትሪ በተከታታይ አገናኝቶ በ24 ቮልት ይሠራል፤ አብዛኛው ቴፕ ግን የ12 ቮልት ነው። በቀጥታ ከተገናኘ ይቃጠላል። ከአንዱ ባትሪ ብቻ መስመር ከተሳበለት ቴፑ ይሠራል፤ ዳሩ ያ ባትሪ ሲራቆት ሌላው ከልክ በላይ ይሞላና ሁለቱም ቀድመው ያረጃሉ። ደህና ባለሙያ ቮልቴጅ መቀነሻ ያስገባል።

ከቴፑ ጀርባ የሚወጡት ሽቦዎች የቀለም ምልክት በአብዛኛው ኩባንያ ዘንድ አንድ ነው። ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል እየወሰደ የተገናኙትን ስልኮችና የሬዲዮ ጣቢያዎቹን በማስታወሻ ያቆያል፤ ቀዩ ኃይል የሚያገኘው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው። ሁለቱ ከተቀያየሩ ቴፑ ሞተር በጠፋ ቁጥር ሁሉንም ይረሳል፣ ስልኩም እንደ አዲስ ይመዘገባል። ሁለቱም በቀጥታ ከባትሪ ከተያያዙ ደግሞ፣ ቴፑን ማጥፋት የረሳ ሹፌር ጠዋት ባትሪው ወርዶ ያገኘዋል። «ስልኬን አልይዝ አለ» ተብሎ ብሉቱዝ ከመወቀሱ በፊት ቢጫውን ሽቦ ማየት ይበጃል።

ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ ሥራው የስልኩ ነው። ድሬዳዋ በኔትወርክ ረገድ የምትታማ አይደለችም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የመጀመሪያ የሙከራ አገልግሎቱን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የጀመረው እዚሁ ነው። ፈተናው ሙቀቱ ነው። አፕል አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራ ይመክራል፤ የድሬ የሰኔ ቀትር ጥላ ሥር እንኳ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ዳሽቦርድ ላይ ቻርጅ እየተደረገ ካርታ የሚያሳይ ስልክ ይግልና ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ከባሰም ሥራ ያቆማል። ያኔ ካርታው ከቴፑ ላይ ይጠፋል።

ያኔ የሚቀረው ሬዲዮ ነው፤ እሱም ቴፑ የተሠራበትን አገር ይጠይቃል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ የቆየ ቴፕ ኤፍ ኤምን የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ ሞገድ የሚያሸጋግር ትንሽ መሣሪያ በአንቴናው መስመር ላይ ካልገባለት ድሬ ኤፍ ኤም 106.1ን አያገኝም።