ለአንድ ሰው የተሰፋ ሥልጣን፦ የ2006ቱ የፍልስጤም ምርጫና የ2007ቱ መከፈል

በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላስታውስ።

ጃንዋሪ 25 ቀን 2006 የተካሄደውን የፍልስጤም ሕግ አውጪ ምክር ቤት ምርጫ ለብዙ ጊዜ ያስተማርሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «በፋታህ ሙስና የተማረረ ሕዝብ ሐማስን መርጦ ፋታህን ቀጣ» በሚል። ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ እንደ ወንዝ ፍሳሽ ያለ ማንም እጅ የወረደ ያስመስለዋል። ስለዚህ ዛሬ የራሴን ትምህርት መልሼ ልመረምረው ፈቅጃለሁ።

ከቁጥሩ እንነሣ። ምክር ቤቱ 132 መቀመጫዎች ነበሩት። ግማሹ፣ ማለትም 66ቱ፣ በተመጣጣኝ ውክልና በአገር አቀፍ ዝርዝር፣ የቀረው 66 ደግሞ በ16 የምርጫ ክልሎች በአብላጫ ድምፅ የሚያዝ ነበር። በአገር አቀፉ ዝርዝር ሐማስ 44 በመቶ ገደማ፣ ፋታህ 41 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኙ፤ መቀመጫቸውም 29 ለ28 ሆነ። ሕዝቡ ለሁለት እኩል ሊባል በሚችል ሁኔታ ተከፍሎ ነበር ማለት ነው። በምርጫ ክልሎች ግን ውጤቱ 45 ለ17 ነው። በኬብሮን የነበሩትን 9 መቀመጫዎች በሙሉ የወሰደው ሐማስ ነው።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። በምርጫ ክልል መራጩ በክልሉ መቀመጫ ቁጥር ልክ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ሐማስ ለእያንዳንዱ መቀመጫ የተቈጠሩ ዕጩዎችን አቅርቦ ደጋፊዎቹን በሥርዓት ሲያሰልፍ፣ በፋታህ በኩል ከዝርዝር የቀሩ አባላት «ነፃ ተወዳዳሪ» ሆነው የገዛ ድርጅታቸውን ድምፅ ከፋፈሉ። በእስር ላይ የነበረው ማርዋን ባርጉቲና የወጣቱ ትውልድ መሪዎች በዲሴምበር 2005 የራሳቸውን ዝርዝር አስመዝግበው ከሽማግሌዎቹ ጋር የታረቁት በመጨረሻው ሰዓት ነበር። ሕጉን በ2005 ያጸደቀው ፋታህ የሞላው ምክር ቤት መሆኑንም አትርሱ። የታወቁ የአካባቢ ሰዎች ያሸንፉልናል ብሎ የያዘው ግማሽ ነው የጣለው።

ይሁንና ከምርጫ ሕጉ ይልቅ ቈይቼ ላወራው የምሻው ስለ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ነው። ይህ ሹመት እስከ 2003 ድረስ አልነበረም። የተፈጠረው ያሲር አራፋትን ለመገደብ ሲባል በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ግፊት፣ ከውስጥም በለውጥ ፈላጊዎች ጥያቄ ነው። መሠረታዊው ሕግ በማርች ተሻሽሎ ማህሙድ አባስ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከአራፋት ጋር የተጋጨውም በአንድ ዋና ጉዳይ ነበር፦ የጸጥታ ኃይሎች ለማን ይታዘዛሉ? ተሸንፎ በሴፕቴምበር ሥራውን ለቀቀ።

አራፋት በኖቬምበር 2004 ዐረፈ፤ አባስ በጃንዋሪ 2005 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ከዓመት በኋላ ሐማስ ሲያሸንፍ፣ አራፋትን ለመገደብ የተሰፋው ልብስ ለእስማኤል ሃኒዬ ደረሰ። የዚያን ጊዜ ሁሉም ወገን ሐሳቡን ገለበጠ። ሥልጣን ከፕሬዚዳንቱ ይውጣ ያሉት መንግሥታት ሥልጣንም ገንዘብም ወደ ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት እንዲመለስ ሠሩ። አባስ ራሱ በአራፋት እጅ የተቃወመውን የጸጥታ ሥልጣን አጥብቆ ያዘ። ተሰናባቹ ምክር ቤት ደግሞ በፌብሩዋሪ 13 ባደረገው የመጨረሻ ስብሰባ ፕሬዚዳንቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እንዲያቋቁም ፈቀደለት፤ አዲሱ ምክር ቤት በማርች ሻረው። በእኔ አስተያየት መከፈሉ የተጀመረው በእነዚህ ሳምንታት እንጂ በ2007 አይደለም።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ላንሣ። በ1994ቱ የፓሪስ ስምምነት መሠረት የፍልስጤምን የጉምሩክ ቀረጥና ታክስ ሰብስባ የምታስረክበው እስራኤል ናት፤ መጠኑ በወር 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ታገደ። አሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ሩሲያና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በጋራ አዲሱ መንግሥት ዓመፅን እንዲተው፣ እስራኤልን እንዲቀበልና የቀደሙ ስምምነቶችን እንዲያከብር ጠየቁ። ሐማስ እንቢ አለ፤ ምዕራባውያን ለጋሾችም ለመንግሥቱ የሚሰጡትን ቀጥተኛ ርዳታ አቆሙ። ከ150 ሺህ በላይ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተቋረጠ።

«ታዲያ ሐማስን ነፃ እያወጣህ ነው?» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። አይደለም። የእስራኤላውያን ፍርሃት የፈጠራ ወሬ አልነበረም። የ1988ቱ የሐማስ ቻርተር እስራኤልን አይቀበልም፤ በሁለተኛው ኢንቲፋዳ በአውቶቡስና በምግብ ቤት የፈነዱት የአጥፍቶ ጠፊዎች ቦምቦችም ገና ትኩስ ትዝታ ነበሩ። በጁን 2006 የእስራኤል ወታደር ጊላድ ሻሊት ሲማረክ እስራኤል በዌስት ባንክ የሐማስን ሚኒስትሮችና እንደራሴዎች ሰብስባ አሰረች። ምክር ቤቱ በዚያው ሽባ ሆነ። ሐማስም በበኩሉ አስቀድሞ በጋዛ የራሱን ታጣቂ «አስፈጻሚ ኃይል» አቋቁሞ ነበር። በአንድ አስተዳደር ሥር ሁለት ሠራዊት ቆመ።

በፌብሩዋሪ 2007 በመካ የተደረገው ዕርቅ የአንድነት መንግሥት አስገኘ፤ የጸጥታ ኃይሎቹን ጥያቄ ግን አልፈታም። በጁን በጋዛ በተደረገው ውጊያ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከፎቅ የተወረወሩ ምርኮኞችም ነበሩ። ይህን የፈጸመ የሕግ አንቀጽ አይደለም፤ ትእዛዝ የሰጠና የተቀበለ ሰው ነው። በ14ኛው ቀን አባስ ሃኒዬን ሽሮ የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ፤ ሳላም ፋያድን ሾመ። የፋያድ ዝርዝር በምርጫው ያገኘው ከ132 መቀመጫዎች 2 ብቻ ነበር። መሠረታዊው ሕግ አዋጁ ከ30 ቀን በላይ እንዲራዘም የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ የምክር ቤቱ አባላት ግን ከፊሉ በእስራኤል እስር ቤት፣ ከፊሉ በጋዛ፣ ከፊሉ በራማላ ነበሩ።

ምክር ቤቱ በዲሴምበር 2018 በፍርድ ቤት ውሳኔ ፈረሰ። ውሳኔውን የሰጠው አባስ ያቋቋመው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። ለሜይ 22 ቀን 2021 በተቀጠረው ምርጫ 36 ዝርዝሮች ቀርበው ነበር። አባስ ግን እስራኤል በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ድምፅ እንዲሰጥ ዋስትና አልሰጠችም በማለት አራዘመው። የ2006ቱን ዕለት 18 ዓመት ያልሞላቸው ፍልስጤማውያን የምክር ቤት እንደራሴ መርጠው አያውቁም፤ አባስ በ2005 የተመረጠው ለአራት ዓመት ነበር።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።