ጎማ ማሳደግና አላይመንት

ጎማ ማሳደግ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው በቁመት ወይም በስፋት የሚበልጥ ጎማ መግጠም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሞላው ወይም ባሌስትራው ተለውጦ መኪናው ከፍ ከተደረገ በኋላ ነው። ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው የፊት እግሩ አቋም ተለክቶ ወደ ልኩ ሲመለስ፣ ማለትም አላይመንት ሲሠራለት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ለውጥ በተለይ የሚደረገው በቶዮታ ላንድ ክሩዘር ዘሮች (ሃርድ ቶፕ፣ ፕራዶና ሌሎችም)፣ በሃይሉክስና በኒሳን ፓትሮል ላይ ነው። እዚህ የሚታየው በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መስመር ለሚሠራ የመስክ መኪና የሚስማማው አሠራር ነው፤ የአካባቢው አፈር፣ ከፍታውና የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ሦስቱም የጎማ ምርጫን ይወስናሉና።

አፈሩና መንገዱ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መስመር በምዕራብ የጮቄን ተራራ፣ በምሥራቅ የዓባይን ሸለቆ ይዞ ይሄዳል። ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በቢቸና ዙሪያ ጤፍ የሚዘራበት ጥቁር አፈር፣ ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃውን ጠጥቶ ያብጥና የነካውን ሁሉ ይይዛል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌ የሚገባ የጤና፣ የግብርና ወይም የእርዳታ ድርጅት መኪና ከሰኔ እስከ መስከረም የሚታገለው ከዚህ አፈር ጋር ነው።

የዋልካ ጭቃ ክፋቱ መጣበቁ ነው። መጀመሪያ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ ፓራፋንጎው ውስጥ ይጠቀጠቃል። ደረቅ ሜዳ ላይ ያለ ችግር የሚዞር ትልቅ ጎማ ዋልካ ውስጥ ጥቂት እንደሄደ ራሱ ባመጣው ጭቃ ሊታሰር ይችላል፤ ሹፌሩ ወርዶ በእንጨት ጭቃ ሲፈለፍል የሚታየው ለዚህ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ከጎማው ቁመት እኩል ዋጋ አለው። ጎማውን አሳድጎ ክፍተቱን መጨረስ በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው መውሰድ ነው።

ሰፊ ጎማ ይሻላል ወይስ ጠባብ የሚለው ክርክር መልሱ ከጭቃው ሥር ባለው ነገር ይወሰናል። ሥሩ ድንጋይ ወይም ጠጠር ከሆነ ጠባብ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን መሬት ያገኛል፤ ብዙ ሃርድ ቶፖች ይዘውት የወጡት 7.50አር16 ጠባብና ረጅም ጎማ በገጠር መንገድ የተመሰገነው በዚህ ነው። ጥልቅ ዋልካ ግን ቅርብ ሥር የለውም። እዚያ ላይ አየሩ ተቀንሶ የተንጣለለ ሰፊ ጎማ ክብደቱን አከፋፍሎ ከላይ ይሄዳል፤ ጠባቡ እስከ ዲፈረንሻሉ ይሰምጣል። አየር የሚቀንስ ሰው አስፋልት ወይም ጠጠር ላይ ሳይፈጥን መልሶ መሙላት አለበት፤ አየር ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

ልኩን ማስላት

የጎማ ልክ በጎኑ ላይ ተጽፏል። 265/70አር16 ማለት ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት ነው። ጠቅላላ ቁመቱ ሲሰላ 777 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 265/75አር16 804 ሚሊ ሜትር ሲሆን 285/75አር16 ደግሞ 834 ሚሊ ሜትር ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሄድ 3.4 በመቶ፣ ወደ ሦስተኛው መሄድ 7.3 በመቶ ጭማሪ ነው። ከመሬት የሚገኘው ከፍታ ግን የጭማሪው ግማሽ ብቻ ነው፦ በትልቁ ጎማ ዲፈረንሻሉ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሞላ መቀየር አካሉን እንጂ ወጥ አክስል ላይ ያለውን ዲፈረንሻል ስለማያነሳ፣ ይህን 28 ሚሊ ሜትር የሚሰጠው ጎማው ብቻ ነው።

የፍጥነት መለኪያውም ይሳሳታል። በ7.3 በመቶ ያደገ ጎማ የገጠመ መኪና ቀስቱ ቀድሞ ትክክል ከነበረ 80 ሲያሳይ በእርግጥ 86 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እንዲሁ ያነሰ ይቆጥራል፤ በየ5,000 ዘይት የሚቀይር ሰው ሳያውቀው ከ5,300 በላይ ሄዷል።

ከፍ ማድረግ

መኪና ከፍ የሚደረገው ረዘም ያለ ሞላ በመግጠም፣ ከሞላው ላይ ወይም ሥር መደገፊያ በማስገባት፣ ባሌስትራ ላይ ንጣፍ በመጨመር ወይም ጠቅላላ ባሌስትራውን በመለወጥ ነው። ለጭነት ተብሎ ንጣፍ መጨመር በአገራችን የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ባዶውን የሚሄድ መኪና ላይ ሲደረግ ጎማውን ኮረኮንች ላይ ያዘልለዋል፤ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከፍ ማድረግ መኪናው ቆሞ ሳለ ያለውን ክፍተት ይጨምራል እንጂ ጉድጓድ ሲመታ ያለውን አይጨምርም። ሞላው እስከ መጨረሻ ሲታመቅ አክስሉ የሚያርፍበት ማስቆሚያ ላስቲክ እዚያው የቀድሞ ቦታው ላይ ከሆነ፣ ትልቁ ጎማ ያን ጊዜ ፓራፋንጎውን ይመታል። ፈተናው ቀላል ነው፦ አንዱን የፊት ጎማ ትልቅ ድንጋይ ወይም የአፈር ክምር ላይ ማውጣት፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር፣ ጎማው የት እንደሚነካ በእጅ መፈተሽ። የፍሬን ቱቦዎቹም በሌላው በኩል እግሩ ወደ ታች ሲንጠለጠል ተወጥረው እንደሆነ የሚታየው በዚሁ ጊዜ ነው።

ቸርኬ ለውጦ ጎማውን ወደ ውጭ ማስወጣት ከውስጥ የመነካካቱን ችግር ይፈታል፤ ዋጋው ግን በኩሽኔታና በቴስቲኒ ላይ ይወጣል። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታውን የሚጠመዝዘው ክንድ ይረዝማል፤ የወጣው ጎማ ጭቃና ጠጠርም በመኪናው ጎን ላይ ይረጫል።

አላይመንት

ሦስት ልኮች አሉ። ካምበር ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያለው ዘንበል ነው። ካስተር ጎማው ወደ ቀኝና ግራ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል ነው። ቶ ደግሞ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው ይቀራረብ ወይም ይራራቅ እንደሆነ የሚያሳየው ነው። መኪና ከፍ ሲደረግ የትኛው ልክ እንደሚበላሽ የሚወስነው የፊት እግሩ ዓይነት ነው።

ወጥ አክስል ባላቸው ላይ፣ እንደ 80 ላንድ ክሩዘርና ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፊት ሞላ ባገኘው ባለ 70 ሃርድ ቶፕ፣ ካምበር በአክስሉ ውስጥ የተወሰነ ስለሆነ አይነካም። የሚጎዳው ካስተር ነው። አካሉ ሲነሳ አክስሉን የያዙት ክንዶች ወደ ታች ያጋድሉና አክስሉን ያዞሩታል፤ ካስተሩ ይቀንሳል። መሪ ታጥፎ ሲለቀቅ በራሱ ወደ ቀጥታ የሚመለሰው በካስተር ነው። ካስተር ያነሰው መኪና አስፋልት ላይ መሪው ይቅበዘበዛል፤ ጠጠር ላይ ሹፌሩ ያለ ዕረፍት ማረም ይኖርበታል። በዚህ ላይ ከባድ ጎማና ያለቀ ቴስቲኒ ሲጨመር የፊት እግሩ በድንገት እስከ መሪው ድረስ መንዘፍዘፍ ይጀምራል። ይህን መሪ በማጥበቅ ወይም በባላንስ ብቻ ለማዳን መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው፤ መፍትሔው የክንዶቹን ላስቲክ ቀዳዳው ከመሃል በወጣ ላስቲክ ለውጦ አክስሉን ወደ ቦታው ማዞር ነው። አክስሉን በጎን የሚይዘው ዘንግም ከፍ ሲደረግ አክስሉን ወደ አንድ ወገን ስለሚጎትተው፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ያስፈልጋል።

የቅርብ ዘመን ሃይሉክስና ፕራዶ በፊት በኩል እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚሠራ እግር አላቸው። እነዚህ ከፍ ሲደረጉ ካምበር፣ ካስተርና ቶ ሦስቱም አብረው ይለወጣሉ። የታችኛው ክንድ ማስተካከያ ቡሎኖች የተወሰነ ያህል ይመልሳሉ፤ ከ50 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ ከተነሳ ግን ቡሎኑ ዳር ደርሶም ልኩ የማይመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የዚያን ጊዜ የላይኛውን ክንድ መለወጥ ግድ ይላል፤ ሲቪ ጆይንቱም በሰላ ማዕዘን እየሠራ ቶሎ ያልቃል።

የሥራው ቅደም ተከተል የማይገለበጥ ነው። መጀመሪያ ያለቀ ቴስቲኒ፣ ላስቲክና ኩሽኔታ ይለወጣል፤ የላላ እግር ተለክቶ ልኩን አይጠብቅምና። ቀጥሎ የአራቱም ጎማ አየር ይስተካከላል። ከዚያ ካምበርና ካስተር፣ በመጨረሻ ቶ። ቶ በመጨረሻ የሚሆነው የሌሎቹ መነካት እሱን ስለሚለውጠው ነው።

የኮምፒውተር አላይመንት በሌለበት ከተማ ቶን በሜትር መለካት ይቻላል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ወደ ፊት ተነድቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች ጀርባ፣ በቸርኬው መሃል ቁመት፣ ጥርሱ ላይ ቀጭን ምልክት በጠመኔ ይደረግና በመካከላቸው ያለው ርቀት ይለካል። ከዚያ መኪናው ምልክቶቹ ወደ ፊት በዚያው ቁመት እስኪመጡ ድረስ ይገፋል፤ እንደገና ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ቶ ነው። ያው ምልክት ሁለቴ ስለሚለካ የተጣመመ ቸርኬ ልኩን አያሳስተውም። ካስተርን ግን በሜትር ማግኘት አይቻልም፤ ለእሱ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ያንን ዕድል መጠቀም አለበት።

የቶ ስህተት ዋጋው ይታሰባል። 800 ሚሊ ሜትር ቁመት ባለው ጎማ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ከልክ መውጣት እያንዳንዱን የፊት ጎማ በየኪሎ ሜትሩ 3 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፍቀዋል። ጎማው ላይ እጅ ሲዳበስ በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ጥርስ የሚሰማው ይህን ጊዜ ነው። አንድ ዳር ብቻ ካለቀ ካምበርን፣ ሁለቱም ዳር ካለቀ የአየር ማነስን፣ መሃሉ ካለቀ የአየር መብዛትን፣ እዚህም እዚያም ከተቦረቦረ አሞርዛተሩን ወይም ባላንሱን መጠርጠር ይገባል።

ከፍታውና ዓባይ በረሃ

ጎማ ሲያድግ ማርሹ ሁሉ ይረዝማል። በ7.3 በመቶ ያደገ ጎማ 4.1 የነበረን ዲፈረንሻል 3.8 እንዳደረጉት ያህል ነው። በቢቸና ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው የሃርድ ቶፕ ናፍጣ ሞተር አስቀድሞ ጉልበት አጥቷል፤ ትልቁ ጎማ የቀረውን ይቀንስበታል። ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ይህን ያህል አይጎዱም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይበልጥ ያሳስባል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ወይም ከደጀን ወደ ታች፣ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። እዚያ መኪናውን የሚይዘው በከባድ ማርሽ የሚሠራ ሞተር ነው፤ ጎማው ሲያድግ ይህ መያዣ ይላላል። ፍሬኑም መሬት ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ጎማው ራሱ ስለከበደ ደግሞ የሚያቆመው ይበዛል። ስለዚህ ጎማ ያሳደገ ሹፌር በረሃውን ሲወርድ ከለመደው በአንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ መግባት አለበት።

ስኮርት ጎማውም አብሮ ይለወጣል። አራቱም እግር ሁልጊዜ በሚጎትትበት መኪና ላይ ቁመቱ የተለየ ስኮርት መግጠም ዲፈረንሻሉን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ ያግለዋልም።

ለቢቸናና ለሞጣ መስመር የሚስማማው ለውጥ መጠነኛው ነው፦ ከፋብሪካው በአንድ ደረጃ ብቻ ያደገ ጎማ፣ ከ50 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ከፍታ፣ ለጭቃ የሚሆን ሰፊ ክፍተት። የጎማ ዳዶዎቹ ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በፊት እንደገና ይጥበቁ፤ አዲሱ ሞላ ረግቶ ከተቀመጠ በኋላም አላይመንቱ ይደገም። አላይመንት ሲያሠሩ ከሥራው በፊትና በኋላ የተለካውን ቁጥር በወረቀት ይጠይቁ፤ ወረቀቱንም መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ቀጥሎ መኪናውን የሚያየው መካኒክ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው።