ዲሜንሺያ፦ የአእምሮ መዳከም ሕመም

በየቤታችን የተለመደው ቃል «መጃጀት» ነው። አባት አንድን ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቁ፣ እናት ያስቀመጡትን ገንዘብ አጥተው ሰው ሲጠረጥሩ፣ ጎረቤት «እንግዲህ እርጅና ነው፤ ጃጅተዋል» ይልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ዲሜንሺያ ይሉታል። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «የመርሳት በሽታ» ተብሎ ይተረጎማል፤ እኔ ግን እዚህ «የአእምሮ መዳከም ሕመም» እለዋለሁ። መርሳት ከምልክቶቹ አንዱ ብቻ ነው፤ በአንዳንድ ሰው ላይም የመጀመሪያው ምልክት አይደለም። መርሳትን ብቻ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሌላውን ምልክት እያየ ያልፈዋል።

ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የማስታወስ፣ የማቀድ፣ የመናገር፣ ቦታንና ጊዜን የመለየት ወይም ጠባይን የመግዛት ችሎታ ቀድሞ ከነበረበት ወርዶ፣ ሰው የዕለት ኑሮውን ያለ ሌላ እገዛ መምራት ሲያቅተው የሚሰጥ የወል መጠሪያ ነው። ከሥሩ ብዙ በሽታዎች አሉ። ዋናው አልዛይመር ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከሕሙማኑ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት የዚህ በሽታ ተጠቂዎች ናቸው።

የአልዛይመር ታሪክ የሚጀምረው በጀርመን ፍራንክፈርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች፤ የመረመራት ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነበር። በ1906 ከሞተች በኋላ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ያየውን ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበ፤ በሽታው በስሙ የተጠራው በ1910 ነው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንድንል እፈልጋለሁ። ሴትዮዋ ገና አላረጀችም ነበር። ደግሞም ሐኪሙ እንደጻፈው፣ ቀድሞ የታየባት ምልክት መርሳት ሳይሆን በባሏ ላይ ያደረባት ብርቱ ቅናት ነው። ሰዎች ያንን የጠባይ ጉዳይ አድርገው ቢወስዱት ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

በእኛም ቤት የሚሆነው ይኸው ነው። ቀለበታቸውን ወይም የመቀነታቸውን ብር ራሳቸው ደብቀው ቦታው የጠፋባቸው እናት፣ የቤት ሠራተኛዋን ሌባ ይላሉ። ዛሬ አንዷ ትባረራለች፣ ከወራት በኋላ ሌላዋ ትከሰሳለች። የተከሰሰችው ልጅ ስሟ ጎድፎ፣ ደሞዟን እንኳ ሳትቀበል ትሄዳለች። ተመሳሳይ ክስ ከተደጋገመ ቤተሰቡ ሠራተኛዋን ከመመርመሩ በፊት እናትን ሐኪም ዘንድ ሊወስዳቸው ይገባል።

የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች ከንግግር ይልቅ በሥራ ላይ መፈለግ ይሻላል። ቡና ማፍላትን እንውሰድ። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናው እንዳይገነፍል መጠበቅ፣ አስክኖ መቅዳት፣ ከአቦል እስከ በረካ ቆጥሮ ማድረስ፤ ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲያፈሉ የኖሩ እናት ቁሌቱን ጀምረው ትተውት ከተነሱ፣ ሳይወቅጡ ውኃ ከጣዱ፣ ወይም «እናንተው አፍሉት» እያሉ መሸሽ ካበዙ፣ አንጎል ሥራን በየተራው ማሰለፍ ተስኖት ሊሆን ይችላል። ወጡ አንድ ቀን ጨው ሲበዛበት፣ ሌላ ቀን ጭራሽ ሲረሳም እንዲሁ ነው። የዕድር ገንዘብ ያዥ የነበሩ አባት ሒሳቡ አልገጥም ማለቱ፣ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ መክፈላቸው ቀላል ነገር አይደለም። ረቡዕና ዓርብን ሳያዛንፉ የጾሙ ሰው ዕለቱን ስተው ወተት ሲጠጡ፣ ወይም ሶላታቸውን ሰግደው እንዳበቁ «አልሰገድኩም» ብለው በየዕለቱ ደግመው ሲነሱ፣ ጊዜን መለየት መቸገራቸውን ያሳያል። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚመለሱበት፣ የኖሩበት መንገድ የሚጠፋባቸው አሉ። ጨዋና ቁጥብ የነበሩ ሰው በአደባባይ ነውር ሲናገሩም ልጆች በሐፍረት ይሸፍኑታል፤ ይህም ከምልክቶቹ አንዱ ነው፤ በተለይ የአንጎል የፊት ክፍል ሲጎዳ ከመርሳት ቀድሞ ይመጣል። ሌላ የሕመሙ ዓይነት ደግሞ የሌሉ ሕፃናትን ወይም እንስሳትን በቤት ውስጥ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ አንዳንድ የሚያረጋጉ የአእምሮ መድኃኒቶች ክፉኛ ሊጎዱት ስለሚችሉ፣ ራእዩን ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር ሕይወት ያድናል።

በአንጻሩ የሰው ስም ለጊዜው ጠፍቶ ኋላ ትዝ ማለቱ፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት በዕድሜ የሚመጣ ነው። መመዘን ያለበት ሰውየው ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከቀድሞው ከራሱ ጋር ነው።

ከሩቅ የሚደውሉ ልጆች በተለይ ይታለላሉ። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ «እንዴት ነህ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እየተባለ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ዕድሜ ልክ ሲባል የኖረ ንግግር ደግሞ አንጎል ሲዳከምም ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ልጅ «እማዬ ምንም አልሆነችም» ሲል፣ አብራ የምትኖረው እህቱ በየቀኑ የምታየውን ማስረዳት ያቅታታል፤ አንዳንዴም አጋነንሽ ትባላለች። ሲደውሉ ዛሬ ማን እንደመጣ፣ ምሳ ምን እንደበሉ፣ ባለፈው ሳምንት የጀመሩት ጉዳይ ምን እንደደረሰ መጠየቅ የበለጠ ያሳያል። ከሁሉ በላይ ግን ቤት ያለችውን እህት ማመን ነው።

ከልጆቻቸው ጋር ውጭ አገር የሚኖሩ አረጋውያን ዘግይተው የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊዳከም፣ አማርኛቸው ብቻ ሊቀር ይችላል። ምርመራው በአማርኛ እንዲሆን አስተርጓሚ ይጠየቅላቸው፤ በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ይህን በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅ ሲያስተረጉም የወላጁን የተሳሳተ መልስ ሳያውቀው ያቃናዋል።

ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልግበት ትልቁ ምክንያት አሁን የምነግራችሁ ነው። የአእምሮ መዳከም የሚመስል ሁሉ የማይመለስ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ ክኒን፣ የመስማት ችግር፣ ያልታከመ ቂጥኝ ወይም ኤችአይቪ፣ ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀም ደም፤ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያዘነጋሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ መደናገር ደግሞ ዲሜንሺያ ሳይሆን ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሕመምተኛው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ብዙ ቤተሰብ ነገሩን ከመተት ወይም ከዛር ጋር አያይዞ ወደ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉን ማንም አይከለክል፤ መድኃኒት ማቋረጥና ሐኪምን ማዘግየት ግን ይጎዳል።

ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ሰዓት መሳልና መጻፍ የሚጠይቁ መለኪያዎች ትምህርት ቤት ላልገቡ ሰዎች አይሆኑም፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጤነኛ ሳለ ሊወድቅባቸው ይችላል። ለዚህ ነው በታንዛኒያ የተዘጋጀ አንድ መለኪያ በወረቀት ፈንታ የክብሪት እንጨት የሚያስደረድረው። ለሐኪሙ ግን ከመለኪያው እኩል የሚጠቅመው አብሮ የሚኖር ሰው ምስክርነት ነው፤ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የራሱን ለውጥ አያውቀውምና። ምን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደተከሰተ በደብተር ጻፉ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ያሉት ምልክቱን ለጊዜው ያቀሉ ወይም ሂደቱን በጥቂቱ ያዘገዩ እንደሆነ ነው። መከላከሉ ላይ ግን ተስፋ አለ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳሉት፣ 14 አጋላጭ ነገሮችን በመቆጣጠር ከሕመሙ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ ብቸኝነት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ደም ግፊትን በመካከለኛ ዕድሜ መታከም ከሁሉ ቀዳሚ ነው እላለሁ፤ መድኃኒቱም መለኪያውም በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ተራ ነገር ነውና።

አንድ ልመና አለኝ። ሕመምተኞቹን ሊጠይቁ የሚመጡ ዘመዶች ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጠው «አወቁኝ? እኔ ማን ነኝ?» ይላሉ፤ በፍቅር ነው፤ ግን በሰው ፊት የሚደረግ ፈተና ይሆንባቸዋል። እባካችሁ ይህን ተዉ። «እኔ የእህትዎ ልጅ ነኝ፤ ልጠይቅዎት መጣሁ» ብላችሁ ጀምሩ።