ከወናፍ እስከ ኤሌክትሪክ፤ ብረትን የማለዘብ ታሪክ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» እያሉ አባቶቻችን ይመስላሉ። ምሳሌው ለሰው የተሰጠ ምክር ቢሆንም የተገኘው ከብረት ሠሪው ቤት ነው። የቀዘቀዘ ብረት ለመዶሻ አይታዘዝም፤ በግድ የቀጠቀጡት እንደ ሆነ ይሰነጠቃል። እንግዲህ ጠንካራውን ብረት ሳይሰብሩ ቅርጽ ማስያዝ ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ጥያቄ ነው። እኛም በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት፣ ይህ ጥያቄ በአገራችን በሸዋና በውጭው ዓለም ምን መልስ እንዳገኘ በአጭሩ ለመጻፍ አስበናል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የተባለ እንግሊዛዊ መልእክተኛ ወደ አንኮበር መጥቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረመ። ካመጣቸው ገጸ በረከቶች መካከል ጠመንጃና መድፍ ይገኙበት ነበር። በዚያን ጊዜ በአንኮበር አካባቢ ጠይብ የሚባሉ ባለ እጆች ነበሩ። ከቆዳ የተሠራ ወናፋቸውን እያናፉ፣ ከሰሉን እያጋሙ፣ ብረቱን በጉጠት ይዘው በመዶሻ እየቀጠቀጡ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ጦርና ጎራዴ ያወጡ ነበር። ገበሬው ያለ እነርሱ አያርስም፤ ወታደሩም ያለ እነርሱ አይዘምትም። ዳሩ ግን ሕዝቡ በሥራቸው እየተጠቀመ እነርሱን «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር።

በዚያው በ1841 ጄምስ ጁል የተባለ እንግሊዛዊ፣ ኤሌክትሪክ በብረት ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ መዝኖ ሕጉን በጽሑፍ አወጣ። ጁል የጠማቂ ልጅ ነበር፤ ነገር ግን የሠራው ሥራ አስከበረው እንጂ አላስናቀውም። በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረውን ልዩነት ከዚህ ማስተዋል ይቻላል። የእኛም ሰዎች ብረትን በእሳት የማዘዝ ዕውቀት ነበራቸው፤ ነገር ግን የተናቀ ሰው ዕውቀቱን ከቤተ ዘመዱ በቀር ለማን ያስተምራል? ጥበቡም ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ሲተላለፍ በመጽሐፍ ሳይጻፍ ቀረ።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ጉዳት ተረድተውት ነበር። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1879 የስዊስ ተወላጅ የሆነውን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን አስመጡ። በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ በተሳዳቢውም ላይ ቅጣት ደነገጉ። ይህ አዋጅ ለአገራችን ኢንዱስትሪ ከገባው ከማናቸውም መኪና ያላነሰ ዋጋ አለው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ውጭው ዓለም እንመለስ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ትሮይትስኪና ሊክትማን የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት፣ ዚንክ የተባለው ብረት እየተሳበ ሳለ ኤሌክትሮን ቢለቁበት ከወትሮው ይልቅ እንደሚለዝብ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ለአፍታ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል በብረት ውስጥ እየሰደዱ መሳብና ማጠፍ ይሞከር ጀመር።

ምክንያቱ ምንድር ነው? በብረት ውስጥ አተሞች እንደ ወታደር ሰልፍ ተደርድረዋል። በሰልፉ መካከል የተዛነፉ ስፍራዎች አሉ፤ ብረት የሚታጠፈውም እነዚህ መዛነፎች ሲንቀሳቀሱ ነው። አንድ ትልቅ ምንጣፍ በሙሉ ከመጎተት ይልቅ እጥፋት አበጅቶ እጥፋቱን መግፋት እንደሚቀል ማለት ነው። ብረቱ በቅዝቃዜው ሲቀጠቀጥ መዛነፎቹ በዝተው እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ፤ ያን ጊዜ ብረቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጠይቡ ብረቱን ደጋግሞ ወደ እሳት የሚመልሰው ይህን ጥልፍልፍ ለመፍታት ነው።

ታዲያ ኤሌክትሪኩ የሚሠራው ጁል በመዘነው ሙቀት ብቻ ነው ወይስ ሌላ ኃይል አለው? ሊቃውንቱ በዚህ ነገር ብዙ ዘመን ተከራክረዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 የወጣ አንድ ጥናት ግን ጥሩ ብልሃት አሳየ። ተመራማሪዎቹ ሲሞቅ መለዘብ ሲገባው ይልቁን ቶሎ የሚበጠስ፣ ከቲታንየምና ከአሉሚንየም የተቀላቀለ ብረት መረጡ። ኤሌክትሪኩን ብልጭ ድርግም እያደረጉ ሲሰዱበት ግን ብረቱ ይበልጥ ተሳበ። መዛነፎቹ በአንድ መስመር ከመከማቸት ይልቅ በየአቅጣጫው ተበትነው ተገኙ። ሙቀቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ብረቱን ባጠፋው ነበር። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ከእሳት የተለየ የራሱ ሥራ እንዳለው ታወቀ።

ይህን ምስጢር የገለጡ ሰዎች የጠየቁት ጥያቄ የአንኮበሩ ጠይብ በየዕለቱ ይጠይቅ ከነበረው የተለየ አይደለም። የተለየው፣ የእነርሱ አገር እጅን ከመጽሐፍ ጋር ማገናኘቱ ነው። በደብረ ብርሃን ዛሬ ፋብሪካዎች ቆመዋል፤ ዩኒቨርሲቲም አለ። ነገር ግን ከእኛ መካከል ትምህርት ማለት ከመዶሻ መሸሽ የሚመስለው ካለ፣ የ1900ው አዋጅ ገና አልደረሰውም። ወላጆችም ልጃቸው ብረት ሠሪ ልሁን ቢላቸው አይዘኑ። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ግማሹን ዕውቀት ከመጽሐፍ አግኝተናል፤ የቀረውን ግማሽ በወናፉ አጠገብ ተቀምጠን መማር ይገባናል።