ዘር ነው ወይስ አፈር?

ከሻሸመኔ በሐላባ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ ቦዲቲ ሲደርስ ግራ ቀኙ እንሰትና ቀይ አፈር ነው። ክረምት ላይ ያ አፈር ምን እንደሚመስል በእግሩ የሄደበት ያውቀዋል። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ተረከዝ ላይ ይለጠፋል፣ በጣቶች መሐል ይሰገሰጋል፤ ሲደርቅ ቆዳውን ይዞ ይሰነጠቃል። የነጠላ ጥለት ከነካም በቀላሉ አይለቅም። ሰው በዚህ አፈር ላይ ከአባት እስከ ልጅ በባዶ እግሩ አርሷል፣ ገበያ ወጥቷል፣ ልቅሶ ደርሷል።

ዝሆኔ የሚባለውን የእግር በሽታ በወላይታ የማያውቅ የለም። ሲጀምር እግር ያሳክካል፣ ማታ ማታ ያቃጥላል። ከዓመታት በኋላ ከጣት እስከ ጉልበት ያብጣል፤ ቆዳው ይሻክራል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ ከ100 ሰው ከ5 የሚበልጠው ይህ በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የዞኑ ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ በሽታው በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ አሰላ። እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰው ስለዚህ በሽታ ያሰበበት መንገድ ነው። ትክክል አይቶ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ መድረስ ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ በአገራችን አላውቅም።

ሽማግሌዎች ያዩትን እንመልከት። አባት ከታመመ ልጅም ሲታመም አይተዋል። አንዱ ቤት ሦስት ሰው ሲይዝ ጎረቤቱን ሲያልፍ አይተዋል። ይህን የታዘቡት በአንድ ቀን አይደለም፤ የብዙ ዘመን ትዝብት ነው፤ እውነትም ነበር። ስህተቱ ከዚያ ቀጥሎ ባለው እርምጃ ላይ ነው። ከቤተሰቡ ካልወጣ እርግማን ነው ተባለ፤ ወይም ደሙ የተበላሸ ነው፤ ወይም ይጋባል። ልጃገረዲቱ እግሯ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የአጎቷ እግር ስላበጠ ሳትዳር ቀረች። ታማሚው ከእድርም ከቤተ ክርስቲያንም ራቀ።

የተማረው ሰውም ከዚህ አላመለጠም። የሕክምና መጻሕፍት ዝሆኔን የሚያስተምሩት በወባ ትንኝና በሌሎች ትንኞች ከሚተላለፍ ትል ጋር ነበር። ስለዚህ ያበጠ እግር ያየ ሐኪም ሐሳቡ ወዲያው ወደ ትሉ ይሄድ ነበር። የደም ምርመራው ትል አላሳይ ሲልም መጽሐፉን ከመጠርጠር ምርመራውን መጠርጠር ይቀላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጽሐፉን ጠረጠሩ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ትሉን የምታስተላልፈው ትንኝ የቆላ ከሆነች ደገኛው ለምን ይታመማል? ጫማ የሚያደርገውስ ለምን አይታመምም? የበሽታውን ሥርጭት ከአፈርና ከድንጋይ ካርታ ጋር አስተያዩት። በሽታው የበዛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር ከፍ ባለ፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት ምድር ሆኖ ተገኘ። በታማሚዎች የብሽሽት ንፍፊት ውስጥም በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ የማዕድን ብናኝ አገኙ። አፈሩ በባዶ እግር ቆዳ አልፎ ይገባል፤ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች ያስቆጣል፤ ቱቦዎቹ ይዘጋሉ፤ እግር ያብጣል። ስሙንም ከግሪክኛ፣ እግርና ብናኝ ከሚሉ ቃላት፣ ፖዶኮኒዮሲስ አሉት። በሰሜን አፍሪካ ሰዉ ጫማ ማድረግ ሲያዘወትር በሽታው መጥፋቱን ማስታወሳቸውም ክርክሩን አጠናከረ።

እዚህ ላይ «አፈር ነው፤ የሽማግሌዎቹ የዘር ወሬ ተረት ነው» ብሎ መደምደም ይቀል ነበር። ብዙ የተማረ ሰው ሲጠራጠር እንዲህ ነው የሚጠራጠረው፤ የሰማውን በሙሉ ይጥላል። ግን አንድ ነገር ይቀራል። በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ካደጉት መካከል የሚታመመው ሁሉም አይደለም። ተመራማሪዋ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቿ ይህን ቀሪ ጥያቄ ይዘው ወደ ቤተሰቦቹ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያሳተመው ጥናት ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጡ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ዘረመል አነጻጸረ። የሰውነትን መከላከያ በሚመሩ ዘረመሎች ላይ ልዩነት ተገኘ። ሽማግሌዎቹ በቤተሰብ እንደሚሄድ ያዩት ልክ ነበር። በቤተሰብ የሚሄደው ግን ለአፈሩ ተጋላጭነት ነው፤ በሽታው ራሱ አይደለም። አፈር ያልነካው እግር፣ ዘሩ ምንም ይሁን ምን፣ በዚህ በሽታ አያብጥም።

እውቀቱ ከተገኘ በኋላም ወደ ጤና ጣቢያው ለመድረስ ዘገየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ 275 የጤና ባለሙያዎችን የጠየቀ ጥናት፣ ስለበሽታው መነሻ ቢያንስ አንድ የተሳሳተ እምነት የሌለው አንድም ባለሙያ አላገኘም። ግማሽ ያህሉ በሽታው ይጋባል ብለው ታማሚውን ለመንካት ይፈሩ ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲሸሽህ ጎረቤትህ ለምን ይቀርብሃል?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሚስዮናዊው ሐኪም ናታን ባርሎ በሶዶ የጀመሩት፣ «ሞሲ ፉት» የተባለው የሕክምና ሥራ ይህን ሽሽት የሰበረው በእጅ ነው። ሕክምናው ቀላል ነው። በሳፋ ውሃ ይቀዳል፤ ጠብታ በረኪና ይጨመርበታል። እግሩ ጥቂት ይዘፈዘፋል፤ በሳሙና ይታጠባል፤ የጣቶቹ መሐል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል፤ ቅባት ይቀባል፤ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ካልሲና ጫማ። ያበጠ እግር በሱቅ ጫማ ስለማይገባ ጫማው በልክ ይሰፋል፤ ከሰፊዎቹና እግር ማጠብ ከሚያስተምሩት መካከል ራሳቸው ታመው የተሻላቸው አሉ። በእግሩ የተሸሸ ሰው የሌላውን እግር ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያጥብ ላየ ጎረቤት፣ «ይጋባል» የሚለው ሐሳብ በዓይኑ ፊት ይፈተናል።

የቀረው የሽምግልናው ነገር ነው። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ከመሄዱ በፊት የወዲያኛውን ቤት ዘር ያጣራል። ማጣራቱ አይከፋም፤ ቤተሰብ የሚጠበቀው በመጠየቅ ነው። ግን ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ «በዘራቸው ዝሆኔ አለ ይባላል» የሚል ሰው ሲገኝ፣ አንድ ሌላ አባት «ይኑር እንጂ፤ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምራ ጫማ ታደርጋለች ወይ? እግሯንስ ትታጠባለች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያች ልጅ ትዳራለች። ልጆቿም ጫማ አድርገው ያድጋሉ።