የምንጭ ፋይሎች ታግ

ታግ በስሪት መቆጣጠሪያ ስርዓት ውስጥ የአንድ ሶፍትዌር ፋይሎች በአንድ ወቅት ለነበሩበት ሁኔታ የሚሰጥ ስም ነው። ፋይሎቹ በኋላ ቢለወጡም፣ ስሙን የጠራ ሰው ያኔ የነበሩትን መልሶ ያገኛል። ብዙውን ጊዜ ታግ የሚደረገው አንድ ስሪት ለተጠቃሚዎች ሲለቀቅ ነው።

የወላይትኛ ፋይል ምሳሌ

በሶዶ፣ በአረካና በአካባቢው የሚነገረው ወላይትኛ፣ አብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች በሚጠቀሙበት በግኑ ሲ ላይብረሪ ወይም በአጭሩ ጂሊብሲ ውስጥ የራሱ ፋይል አለው። የፋይሉ ስም ከቋንቋው ኮድ «ዋል» እና ከአገሩ ኮድ «ኢቲ» የተሠራ ነው። ያዘጋጀው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሲሆን፣ የቀናትና የወራት ስሞችን፣ የቀን አጻጻፍንና የመሳሰሉትን ይዟል። በፋይሉ ውስጥ ሰኞ «ሳይኖ»፣ ማክሰኞ «ማቆሳኛ»፣ ረቡዕ «አሩዋ» ተብለው በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል። በትምህርት ቤት ግን ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው።

አንድ ሰው እነዚህን ስሞች ወደ ላቲን ቢቀይራቸው፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተለቀቁት ስሪቶች የተለያየ ጽሑፍ ያሳያሉ። አንድ ኮምፒውተር የትኛውን እንደሚያሳይ ለማወቅ የጂሊብሲውን ስሪት ቁጥር ማየትና በዚያ ቁጥር የተሰየመውን ታግ መክፈት ይበቃል። ታጉ ባይኖር የለውጦቹን ታሪክ እየቆጠሩ መገመት ይሆናል።

በሲቪኤስ

ጂሊብሲ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ የሚተዳደረው በሲቪኤስ ነበር። በሲቪኤስ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቁጥር አለው፤ አንዱ 1.4 ላይ ሲሆን ጎረቤቱ 1.27 ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ያለፈው ወር ስሪት» የሚባል ነገር በቁጥር አይገለጽም። ታጉ በየፋይሉ ላይ በተናጠል እየተለጠፈ፣ የተለያየ ቁጥር ያላቸውን ፋይሎች በአንድ ስም ያስራል። የታግ ስም በፊደል መጀመር አለበት፤ ነጥብም አይፈቀድም። በዚህ ምክንያት 2.3.2 የነበረው ቁጥር በታጉ ላይ በነጥብ ፋንታ የስር ሰረዝ ገብቶበት ይጻፍ ነበር።

ጀማሪዎችን የሚያሳስተው ሌላ ነገር ነው፦ ሲቪኤስ ታግ የሚያደርገው የተመዘገበውን እንጂ በሠራተኛው ማውጫ ውስጥ ገና ያልተመዘገበውን ለውጥ አይደለም። ሠራተኛው ፋይሉን አርሞ ሳይመዘግብ ታግ ቢያደርግ፣ ስሙ የሚያርፈው በአሮጌው ቅጂ ላይ ነው። ትዕዛዙ ከ«ሲ» አማራጭ ጋር ከተሰጠ ግን ያልተመዘገበ ለውጥ ካለ ይቆማል።

በሰብቨርዥንና በጊት

በሰብቨርዥን ታግ ማለት የማውጫው ቅጂ ነው፤ በልማድ «ታግስ» በተባለ ማውጫ ስር ይቀመጣል። ቅጂ በመሆኑ ማንም ገብቶ ሊለውጠው ይችላል፤ ይህን የሚከለክለው ስምምነት ወይም የፈቃድ ገደብ ብቻ ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት የፋይሎችን ሁኔታ በሙሉ በአንድ ኮሚት ስለሚይዝ፣ ታጉ የሚያመለክተው ወደዚያ ኮሚት ብቻ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። ቀላሉ ስም ብቻ ነው። መግለጫ ያለው ግን የሰሪውን ስም፣ ቀኑንና መልእክቱን ይይዛል፤ ዲጂታል ፊርማም ሊጨመርበት ይችላል። ለሚለቀቅ ስሪት ሁለተኛው ይመረጣል። የ«ፑሽ» ትዕዛዝ ታጎችን በራሱ ስለማይልክ፣ በስም ጠርቶ መላክ ያስፈልጋል።

የታግ መንቀሳቀስ

በጊት ታግን በግድ ወደ ሌላ ኮሚት ማዞር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በጊትሃብ ላይ ከ23,000 በላይ ማከማቻዎች ይጠቀሙበት በነበረ አንድ መሣሪያ ላይ ጥቃት አድራሾች ይህንኑ አደረጉ። የቀደሙትን የስሪት ታጎች የይለፍ ምስጢሮችን ወደሚያጋልጥ ኮሚት አዞሯቸው። ታጉን በስሙ ብቻ የጠሩ ፕሮጀክቶች አንድም መስመር ሳይቀይሩ ተንኮለኛውን ኮድ አስኬዱ። ኮሚቱን በ40 ምልክት መለያው የጠሩት ግን የታጉ መዞር አልነካቸውም።