የነፋስ ሁኔታና የአየር ትንበያ አጠቃቀም በጂንካና በኦሞራቴ

በአየር ሁኔታ ትንበያ «ደቡብ ኦሞ» ተብሎ በአንድነት የሚጠራው አካባቢ አንድ ዓይነት የአየር ጠባይ የለውም። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በተራሮች አጠገብ ትገኛለች። በዳሰነች ወረዳ በኦሞ ወንዝ ዳር የምትገኘው ኦሞራቴ ደግሞ ከፍታው ከ400 ሜትር በታች በሆነ ሜዳማ ቆላ ላይ ናት። በመሆኑም ነዋሪዎች፣ አርብቶ አደሮችና ተጓዦች ለአካባቢው የወጣን ትንበያ ከሚገኙበት ቦታ ጋር አገናዝበው መጠቀም ይኖርባቸዋል።

የሁለቱ ከተሞች ነፋስ

ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ደቡብ ምሥራቃዊ ነፋስ በኢትዮጵያና በኬንያ ከፍተኛ ቦታዎች መካከል ባለው ዝቅተኛ መተላለፊያ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል። «የቱርካና ጄት» በመባል የሚታወቀው ይህ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ የሚነፍስ ሲሆን፣ በተለይ ሌሊትና ንጋት ላይ ይበረታል። በኬንያ ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተተከሉት፣ በድምሩ 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው 365 ተርባይኖች የሚሽከረከሩት በዚሁ ነፋስ ነው። ኦሞራቴ ከሐይቁ በስተሰሜን በግልጥ ሜዳ ላይ በመሆኗ፣ ነፋስ በበረታ ጊዜ አቧራ ይነሣል፤ በወንዙ ላይ በታንኳ መሻገርም አስጊ ይሆናል።

በጂንካ የነፋሱን አካሄድ በአብዛኛው የሚወስነው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ቀን ፀሐይ ተራሮቹን ስታሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ይወርዳል። ዋናው የዝናብ ወቅት በሆነው በበልግ፣ ነጎድጓዳማ ዝናብ ከመጣሉ አስቀድሞ ድንገተኛ ብርቱ ነፋስ ሊነሣ ይችላል።

ትንበያው እንዴት ይነበባል?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለት፣ የአሥር ቀናት፣ የወርና የወቅት ትንበያዎችን ያወጣል። ለጉዞና ለወንዝ መሻገር የዕለቱ፣ ለእርሻና ለግጦሽ ዕቅድ ደግሞ የአሥር ቀናትና የወቅቱ ትንበያዎች ያገለግላሉ።

• የነፋስ አቅጣጫ የሚሰየመው በሚነሣበት ወገን ነው። «ደቡብ ምሥራቃዊ ነፋስ» ሲባል ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚነፍስ ማለት ነው።
• በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።
• «በጥቂት ቦታዎች» የሚለው አገላለጽ ክስተቱ አካባቢውን በሙሉ አያዳርስም ማለት እንጂ የእርስዎን ቀበሌ አይነካም ማለት አይደለም።

መለኪያ በሌለበት ቦታ የነፋሱን ኃይል በዓይን መገመት ይቻላል። ቅጠል ብቻ ሲንሾካሾክ ፍጥነቱ በሰዓት ከ6 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ነው። አቧራ ተነሥቶ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ሲወዛወዙ ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ትልልቅ ዛፎች በሙሉ ሲወዛወዙና ነፋሱን ተቋቁሞ መራመድ ሲያስቸግር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ በዚህ ጊዜ በታንኳ ከመሻገር፣ ከዛፍ ሥር ከመጠለልና እሳት ከማንደድ መቆጠብ ያስፈልጋል።

ሰማዩ ቢጠራም ወንዙ ሊሞላ ይችላል

የወንዝ ዳር ነዋሪዎች በአካባቢያቸው የአየር ሁኔታ ብቻ ተማምነው መቀመጥ የለባቸውም። የኦሞ ወንዝ ውኃ የሚሰበሰበው በስተሰሜን ርቀው ከሚገኙት ደጋማ ቦታዎች በመሆኑ፣ በኦሞራቴ ዝናብም ሆነ ነፋስ ሳይኖር ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዙ ሞልቶ በዳሰነች አካባቢ ያደረሰው ጎርፍ ከ300 በላይ ሰዎችን ለሕልፈት ዳርጓል። ስለዚህ በክረምት ወራት ከአካባቢው ትንበያ በተጨማሪ በወንዙ የላይኛው ተፋሰስ የሚጠበቀውን የዝናብ መጠን መከታተል፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥም ውኃው እስኪታይ ሳይጠብቁ ሰዎችንና ከብቶችን ወደ ከፍተኛ ቦታ ማሸሽ ይገባል።

ትንበያዎቹ በመገናኛ ብዙኃን የሚተላለፉ ሲሆን፣ ይህን ማግኘት ያልቻሉ ነዋሪዎች በየቀበሌያቸው የሚገኙ የግብርና ልማት ሠራተኞችን ወይም የወረዳቸውን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።